አባቴን ፈልጋችሁ ላገኛችሁልኝ የመርካቶ ሰዎች

ስማችሁን አላውቅም። ብጠይቅም አልነገራችሁኝም። አንዱ ልጅ እንዲያውም «ስሜ ምን ያደርግልሃል፣ ይልቅ አባትህን ያዝ» ብሎኝ ሄደ። እናም ምስጋናዬን እዚሁ ልጻፈው፣ ደርሶት የሚያነብ አይጠፋም።

አባባ ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ለቀዶ ሕክምና ከደብረ ማርቆስ ይዤው መጣሁ። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣትም አለ። አዲስ አበባን ሳያት እኔም የመጀመሪያዬ ነው። አውቶቡስ ተራ እንደወረድን ጆሮዬ ደነቆረ። ረዳቱ የአገሩን ስም ሁሉ ይጠራል፣ ተሸካሚው «ዞር በል!» ይላል፣ ላዳው ጡሩምባውን ይነፋል። ሰላም የሚባባል ሰው አላየሁም (ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ሰላም ብሎ ይዘልቀዋል!)። ዘመዶቻችን ስለ ሌባ አጥብቀው መክረውኝ ስለነበር እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

ዕቃችን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሲወርድ ሕዝቡ ገፋፋን፣ ሌላ አውቶቡስ መሐላችን ገባ፣ እሱ ሲያልፍ አባባ የለም። ስልክ አይዝም። ያኔ ዓይኑ ጥላ እንጂ የሰው ፊት አይለይም። ድንጋጤዬን ተዉት።

ጀበና ቡና የምትሸጪው እህቴ፣ ምንም ሳልነግርሽ ገባሽ። «ዕቃውን እዚህ ጣለው፣ ሂድ ፈልግ፣ የትም አይሄድም» አልሽኝ። በርበሬውን፣ ቅቤውን፣ ሻንጣውን፣ ሁሉንም መርካቶ መሐል ለማላውቃት ሰው ትቼ ሮጥኩ። ስመለስ ዝናብ ጥሎ ነበር፣ አንቺ ግን የራስሽን ሸራ አንስተሽ ዕቃችን ላይ አልብሰሽዋል። ብር ሳወጣ ደግሞ ተቆጣሽኝ።

ተራ አስከባሪው ወንድሜ፣ አንተ እንደኔ አልተርበተበትክም። ጋቢው ጥለቱ ምን ዓይነት ነው? ዱላ ይዟል? አረማመዱ ፈጠን ይላል ወይስ ቀስ? ይህን ጠይቀህ ሊስትሮዎቹን ጠራሃቸው። እነሱም ሣጥናቸውን ጥለው ሰፈሩን ተከፋፈሉት። አንዱ ወደ ሰባተኛ፣ አንዱ ወደ አንዋር መስጊድ በኩል፣ አንዱ ደግሞ «ሽማግሌ መንገድ ሲጠፋው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው» ብሎ ወደ ራጉኤል። ያውም ሥራ በሚደራበት ሰዓት። ጫማ ጠርገው የሚያድሩ ልጆች ናቸው፣ የዚያን ቀን ገቢያቸውን ለኔ አባት ሲሉ ተዉት።

አባባ የተገኘው ጎጃም በረንዳ ነው። ለካ አንዱን መንገደኛ «ከጎጃም የመጣው መኪና የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰውየው በዚያ ጩኸት ውስጥ ግማሹን ሰምቶ፣ በቅንነት እጁን ይዞ ወደዚያው ሸኝቶታል። ሩቅ አይደለም፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ቀጣዩ የቀላል ባቡር ፌርማታ ነው። ለማያይ ሰው ግን ሌላ አገር ማለት ነው።

ጋሼ ነጋዴው፣ እርስዎን በምን ቃል ላመስግንዎ። ሱቅዎ በር ላይ ወንበር አውጥተው፣ ሻይና ዳቦ አስመጥተው፣ ሰው እስኪመጣ ድረስ አላስነሳም ብለው አቆዩልኝ። ሊስትሮው ይዞኝ ሲደርስ ስለ ዘንድሮው ጤፍ እየተጨዋወታችሁ ነበር። እኔ እያለቀስኩ ስጠመጠምበት አባባ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የት ጠፍተህ ነው?»

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። የታገሱንን ሐኪሞችና ነርሶችም እግዚአብሔር ይስጥልን። አባባ አሁን የሰው ፊት ይለያል፣ «ያንን ነጋዴ በዓይኔ ሳላየው አልሞትም» እያለ ያስቸግረኛል። ለክትትል ስንመለስ ሱቅዎ ድረስ ይዤው እመጣለሁ፣ ጋሼ። ቡና ሻጯን የምታውቁ ደግሞ ይህን አንብቡላት። ብር አልቀበልም ብላለች፣ የእናቴን በርበሬ ግን እምቢ ማለት አትችልም፣ ተፈጭቶ እየጠበቃት ነው በሏት።