ስለ ኮሪደሩ ጉዳይ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ከረማችሁ። የሁለተኛው ተርም ምዝገባ ተጀምሯል፤ ክፍያው አልጨመረም። የምጽፍላችሁ ግን ለዚህ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ስልኬ ሳምንቱን ሙሉ አላረፈም።

ያልሰማ ካለ ልንገር። እዚህ ኤድመንተን በምንከራየው ሕንፃ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ አማርኛ ስናስተምር፣ ጂም ውስጥ የሰፈሩ ልጆች ቅርጫት ኳስ ይለማመዳሉ። አንዱ ክሪ ከሚባለው የካናዳ ነባር ሕዝብ የተወለደ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ እስከ ወገቡ ተጎንጉኗል። በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ አራት ልጆቻችን ከበቡት። «ወንድ ነህ ሴት?» አሉት። አንዱ ጉንጉኑን ጎተተው። ሌላው እዚህ የማልጽፈውን ስድብ ጨመረበት። ልጁ አላለቀሰም። ጉንጉኑን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ወደ ጂም ገባ። በሳምንቱ ኮፍያ ደፍቶ መጣ፤ ሲጫወትም አላወለቀውም።

አራቱን ልጆች ለአንድ ቅዳሜ አገድኳቸው። ሁላችንም ደግሞ ሁለት ቅዳሜ፣ አርባ አርባ ደቂቃ፣ ስለ ካናዳ ነባር ሕዝቦች እንደምንማር አስታወቅኩ። ቁጣው የመጣው በዚህ ነው።

«የልጅ ጨዋታ ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። እሺ፣ ስለ ጸጉር እናውራ። በዚህ አገር ከመቶ ዓመት በላይ በቆየ አሠራር፣ 150 ሺህ ገደማ የነባር ሕዝቦች ልጆች አብያተ ክርስቲያናት በመንግሥት ገንዘብ በሚያስተዳድሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። በፈረንጆቹ ከ1920 ጀምሮ «ልጄን አልሰጥም» ያለ ወላጅ በሕግ ይቀጣ ነበር። ልጁ ገና እንደደረሰ ጸጉሩ ይቆረጣል፤ በቋንቋው ሲናገር ከተሰማ ይቀጣል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ተማሪ ነበርን። የዚያ ልጅ አያትም እዚያ ያለፉ ናቸው። እሳቸው የተቆረጡትን ነው የልጅ ልጃቸው ያሳደገው።

እኛ ክፍል በየሳምንቱ የምንሰቅለው የአፄ ቴዎድሮስ ሥዕል አለ። ከነሹሩባቸው። «ወንድ ነህ ሴት?» ያላቸው ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

«እኛ ራሳችን ጥቁር ነን፣ እንዴት ዘረኛ እንባላለን?» ብላችኋል። ዘረኛ ያላችሁ ሰው የለም፤ ጸጉር ተጎተተ ነው ያልኩት። ጥቁርነታችን ለዚያ ልጅ ምን ፈየደለት? ደግሞስ በየቤታችን «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» ተብሎ ሰው ሲሰደብ ሳይሰማ ያደገ ማን ነው? ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም ጥቁር ነበር።

«ትናንት መጥተን ምን በደልን?» ለምትሉም። የእነዚያን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ የመረመረው የካናዳ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በፈረንጆቹ 2015፣ 94 ጥሪዎች አቅርቦ ነበር። የመጨረሻው፣ 94ኛው፣ የሚመለከተው አዲስ መጤውን ነው፦ የዜግነት መሐላው ይቀየር ይላል። በ2021 ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ዜግነት የወሰዳችሁ ሁሉ የነባር ሕዝቦችን መብት የሚያከብረውን ሕግ እጠብቃለሁ ብላችሁ እጃችሁን አንስታችኋል። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አይቻለሁ፤ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬም ጽፌአለሁ።

«የከፈልነው ለአማርኛ ነው፣ ለፖለቲካ አይደለም» የሚለውን ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ልጆቻችሁን በዚህ ብርድ የምታመጧቸው ቋንቋቸው እንዳይጠፋባቸው አይደለም? ጎረቤቶቻችን ቋንቋቸውን የተነጠቁት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ይሄ ለቋንቋ ትምህርት ቤት ባዕድ ርዕስ ከሆነ የራሱ ርዕስ የቱ ነው? ለነገሩ የክሪ ጽሑፍን ገበታ ቢሮ ዘርግቼው ነበር። አንዱ ቅርጽ አቅጣጫው ሲዞር አናባቢው ይለወጣል። አንዲት የሰባት ዓመት ተማሪያችን ጎንበስ ብላ አይታው «ይሄ የነሱ ሀ ሁ ነው?» አለችኝ። እስካሁን ከደወሉልኝ ሁሉ ነገሩ ቶሎ የገባት እሷ ናት።

ደቂቃዎቹን በተመለከተ፣ ሁለቱን ቅዳሜዎች ዘግይተን እንወጣለን። ከፊደሉ የሚቀነስ የለም።

የልጁን አያት ይቅርታ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ደብዳቤ አልፈልግም፣ ልጆቹን ልያቸው አሉ። ስለዚህ የአራቱ ልጆች ወላጆች በመጪው ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ከነልጆቻችሁ እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በካናዳ ሰዓት ማለቴ ነው፤ ባለፈው ስብሰባ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እሳቸው ቡና እወዳለሁ ብለዋል። ጀበናና ረከቦት ያለው ሰው ይደውልልኝ።

ርዕሰ መምህሩ