ሰንደቅ ዓላማችን ለምን ዝቅ እንዳላለ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ሳምንት ያረፉት የጥበቃ ሠራተኛችን ሐዘን ሁላችንንም ነክቶናል። ልጆቹ «አባባ» ነበር የሚሏቸው። ማታ ማታ ሰንደቅ ዓላማውን የሚያወርዱት እሳቸው ስለነበሩ፣ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች «ለአባባ ባንዲራው ለምን ዝቅ አይልም?» ብለው ቢጠይቁ አልገረመኝም። አንዳንድ ወላጆችም ደውላችሁ ይህንኑ አንስታችኋል፤ ቅር ያላችሁም አላችሁ።

መልሱ አጭር ነው፤ አንችልም። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ የሚውለበለበው ብሔራዊ የሐዘን ቀን ሲታወጅ ነው። የሚያውጀው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንጂ ርዕሰ መምህር አይደለም። እያንዳንዱ ግቢ ለራሱ ሰው ዝቅ ቢያደርግ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አገር ላይ ምን እንደደረሰ በምን ያውቃል?

ትልልቆቹ ልጆች መጋቢት 2 ቀን 2011ን ምናልባት ያስታውሱ ይሆናል። ከአንድ ቀን በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሰንደቃችን ግን ለሁሉም ዝቅ አለ። በ2009 በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ሲሞትም የ3 ቀን ሐዘን ታውጇል። በሐምሌ 2016 የጎፋው የመሬት መንሸራተት ሲደርስም እንዲሁ። እዚያ ካለቁት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ናቸው። ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ለልጆቻችሁ ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል።

ልማዱ ከመርከበኞች እንደመጣ ይነገራል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1612 አንድ የእንግሊዝ መርከብ ካፒቴኑ ግሪንላንድ ላይ ተገድሎበት፣ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ተመልሷል። አንዱ ተማሪ «ሁሉም አገር እንዲህ ያደርጋል?» ብሎኝ ነበር። አያደርግም። ሳዑዲ ዓረቢያ ሰንደቋ ላይ የእስልምና የእምነት ቃል ስለተጻፈበት በሐዘንም ጊዜ ዝቅ አታደርገውም። ዝቅ በሚደረግበት አገር ደግሞ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይሰቀላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ማታም ሲወርድ እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው። ግማሽ ላይ ዝም ብሎ ማንጠልጠል ስህተት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ለቤተሰባቸው ከባንዲራው ይልቅ የእኛ እዚያ መገኘት ይሻላል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከመዝሙር በኋላ ተማሪዎች የህሊና ጸሎት ያደርጋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት መምህራንና የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ለቅሶ እንደርሳለን። ልጃችሁ እንዲሄድ ካልፈቀዳችሁ እስከ ዓርብ አሳውቁን፤ ማንም አይገደድም። አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ ወላጆች 8 ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኝ። ለቤተሰቡ መዋጮም ጀምረናል፤ አቅማችሁ የፈቀደውን ለክፍል ኃላፊ መምህራን ስጡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። በልጆች እጅ ገንዘብ ባትልኩ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር