ሽናቤልን ስማልኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ጅማ እንደምታውቃት ናት፤ ክረምቱ ገብቷል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ይጠለላል። ጠፋፋን አይደል? ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ብንከራከር አንጨርሰውም፣ ተወው። የምጽፍልህ ስለ ሌላ ነገር ነው።

ሰሞኑን ፒያኒስቱ አርተር ሽናቤል የተጫወተውን የቤቶቨን ሃመርክላቪየር ሶናታ፣ ማለት አራት ክፍል ያለውን ረጅም የፒያኖ ሥራ፣ ደጋግሜ እየሰማሁ ነው። የድሮውን ቅጂ። ሰውዬው በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1935 ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ እየገባ 32ቱንም የቤቶቨን የፒያኖ ሶናታ ቀረጸ፤ ሁሉንም በመቅረጽ እሱ የመጀመሪያው ነው። የሚገርመው መቅረጽ አይወድም ነበር፣ ዓመታት ሙሉ እምቢ ሲል ቆይቶ ነው የገባበት። ደግሞ ያኔ አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ረጅም ሙዚቃ ከሆነ መሃሉ ላይ ቆም ተብሎ በሌላ ገጽ ይቀጥላል። ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ እንደሚደረገው የተበላሸችውን ቦታ ብቻ ቆርጦ መጠገን የለም፤ ጣትህ ከሳተ ወይ ገጹን በሙሉ ትደግማለህ ወይ ስህተቱን ተቀብለህ ታልፋለህ።

ሽናቤል ደግሞ ይስታል። በጣም ይስታል። ቤቶቨን ለመጀመሪያው ክፍል የጻፈው ፍጥነት በደቂቃ 138 ግማሽ ኖታ ነው፣ ይሄ እብደት ነው፣ አብዛኞቹ ፒያኒስቶች የቤቶቨን ሜትሮኖም፣ ያ ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ፣ ተበላሽቶበት ይሆናል ምናምን እያሉ ረጋ ብለው ይጫወቱታል። ሽናቤል ግን የተጻፈውን አምኖ ዘው አለበት። ኖታ ይረግፋል፣ አንዳንድ ቦታ እጁ የሚደርስበት አይመስልም፣ እሱ ግን ፍጥነቱን አይቀንስም። ሌላው ፒያኒስት ማውሪሲዮ ፖሊኒ በ1970ዎቹ የቀረጸው አለልህ፣ አንዲት ኖታ አትወድቅም፣ አደንቀዋለሁ። ሰምቼ ስጨርስ ግን የሚገርመኝ የፖሊኒ ጣት ነው። ሽናቤልን ስሰማ ጣት የሚባል ነገር ትዝም አይለኝም።

ዋናው ጉዳዬ ግን ዘገምተኛው ሦስተኛ ክፍል ነው፣ አዳጆው። ቤቶቨን ሶናታውን ለንደን ለነበረው ለተማሪው ለፈርዲናንድ ሪስ ከላከ በኋላ፣ የዚህ ክፍል መጀመሪያ ላይ ሁለት ኖታ ጨምር ብሎ ጻፈለት። ያን ሁሉ የሚያህል ሥራ አልቆ ሁለት ኖታ! ሪስ መምህሬ ጤናው ተቃወሰ እንዴ እስከማለት ደርሶ ነበር፤ ኋላ ሲሰማው ነው የገባው። ሽናቤል እነዚያን ሁለት ኖታዎች ሲጫወት ስማ፤ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ሰው ቤት በር ላይ እንደ መቆም ነው። ከዚያ ወደ 18 ደቂቃ ይወስድሃል፣ አይቸኩልም፣ አያለቅስብህም። አንተ የእማሆይ ጽጌማርያምን ፒያኖ ስንሰማ «ግራ እጃቸውን ስማ» ትለኝ አልነበር? እዚህም እንደዚያ አድርግ። ግራው በእርጋታ ይሄዳል፣ ቀኙ ከላይ እንደ ልቡ ይንከራተታል። ቤቶቨን ይሄን በ1818 ሲጨርስ ጆሮው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፣ ሰው የሚያወራውን ደብተር ላይ ይጽፍለት ነበር።

የመጨረሻው ክፍል ፉጋ ነው፣ ማለት ሦስት ድምፅ አንዱን ዜማ እየተቀባበለ እየተሳደደ። እዚህ ላይ አልዋሽህም፣ ሽናቤል ይተራመስበታል፤ ፖሊኒ ይሻላል።

ቅጂው አርጅቷል፣ ሽሽ የሚለው ድምፅ አይለቀውም። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤቴ ሰምታው «ዝናቡ ስልክህ ውስጥም ገባ እንዴ?» አለችኝ። ትንሽ ስትቆይ ጆሮህ ይለምደዋል። ብቻ በስልኩ ስፒከር እንዳትሰማው፣ ግራ እጁ ድምጥማጡ ይጠፋል፤ ኢርፎን አድርግ። ከአዳጆው ጀምር፣ የመጀመሪያውን ክፍል በኋላ ትመለስበታለህ።

በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፣ ፋይሉ ከበድ ስለሚል ዋይፋይ ስታገኝ አውርደው። ያ ኪቦርድህስ አለ ወይስ ሸጥከው? ካለ የአዳጆውን የመጀመሪያ ገጽ ሞክረውና ቀርጸህ ላክልኝ፣ ብትስትም ግድ የለኝም። እትዬን ሰላም በልልኝ፣ የጅማ ቡና ሰው ሲመጣ እልክላታለሁ።

ወንድምህ፣
ከጅማ