ንቦቼን ላላቃጠላችሁ ጎረቤቶቼ

የሰፈሬ ሰዎች፣ የቅሬያችን (የዕድራችን) አባላት፣ ከደሴም ከሩቅም ስልክ የደወላችሁልኝ ሁሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደህና ነኝ። የንብ ንድፊያው እብጠት ወርዷል። ፊቴም ወደ ቦታው ተመልሷል። ድሮም ያን ያህል ቆንጆ አልነበርኩም፤ ባለቤቴ ካወቀችኝ ይበቃኛል።

በየቤታችሁ ዞሬ ላመሰግን አስቤ ነበር። ጀምሬውም ነበር። ግን የወሎ ሰው ቡና ሳያጠጣ አይለቅም። አቦሉ አንድ ቤት፣ ቶናው ሌላ ቤት፣ በረካው ጋ ሳልደርስ ይመሻል። ሐኪሙ ደግሞ ቡና ቀንስ ብሎኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ።

ለማታውቁኝ፣ ጡረታ የወጣሁ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ጸጉሬ የሸበተው ከአዲስ አበባ ደሴ ባለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ነው። ጣርማበርን በጉም፣ ሐረጎን በክረምት ዝናብ ወጥቼ ወርጃለሁ። ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል አቃተኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ዳማ ይጫወታል፣ ወይ ፒያሳ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። እኔ ንብ ያዝኩ። የግብርና ሰዎች ንብ ማነብ ይሉታል። ባለቤቴ "በእሳት መጫወት" ትለዋለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ከመስቀል በኋላ ባለችው እሁድ ነው። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ቀፎው ጢም ብሎ ሞልቷል። ንብ ደግሞ ክፉ የሚሆነው የሚጠብቀው ማርና እጭ ሲኖረው ነው። እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ከላይ በኩል ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ናት። ሜዳ ብርቃችን ነው። ኳስ ካመለጠች ቦርከና ሳትገባ አትቆምም ብለን እንቀልዳለን። ያቺ ኳስ ግን ቦርከና ድረስ አልደከመችም። እኔ ቀፎ ላይ ቆመች።

ክዳኑ ተነሥቶ ወደቀ። የማር እንጀራውን የያዙት ፍሬሞች ተንጋደዱ። ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ንብ የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ የሥራ ድምፅና የቁጣ ድምፅ ይለያያል።

ለልጆቻችሁም እንዲጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የንብ መንደፊያ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉት ሥጋ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ንቧ ስትበር ሆዷ ተቀዶ ትሞታለች። የመርዙ ከረጢት ግን ከመንደፊያው ጋር ይቀርና መርዝ መልቀቁን ይቀጥላል። ስለዚህ ዋናው መፍጠን ነው፤ በጥፍርም ይሁን በመታወቂያ ካርድ ፋቅ ማድረግ። ሌላው፣ ከተነደፈው ቦታ የበሰለ ሙዝ ሽታ ይነሣል። ሽታው ለሌሎቹ ንቦች "ጠላት እዚህ ነው" ማለት ነው። አንዷ የነደፈችበት ቦታ ላይ ሌሎቹ የሚረባረቡት ለዚህ ነው። ያን ቀን እኔ ከእግር እስከ ራሴ ሙዝ ሙዝ ሸትቻለሁ።

የመጀመሪያዋ ተመስጋኝ ባለቤቴ ናት። ወጥታ አልጮኸችም። ቡሉኮውን ከአልጋ ገፍፋ መጣች፣ ከነራሴ ጠቀለለችኝና ጎትታ ማድ ቤት አስገባችኝ። ንብ የሚብሰው በጥቁርና በጸጉራም ነገር ላይ ነው። ነጭና ወፍራም የሆነው ቡሉኮ የተቀሩትን መንደፊያዎች ውጦ አስቀራቸው። በሩን ዘግታ ምን ብትል ጥሩ ነው? "በእሳት መጫወት ነው ብዬህ አልነበር?" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ከዚህ በፊት ስነደፍ ቢበዛ እጄ ነበር የሚያብጠው፤ በማግስቱ እረሳዋለሁ። ያን ቀን ግን ሰውነቴ ሽፍ አለ፣ ከንፈሬ ወፈረ፣ ጉሮሮዬ ጠበበብኝ። እኔ "ውሃ ስጡኝና ልተኛ" እላለሁ። የታች ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ በንቡ መሃል እየሮጠች መጣች። አንድ ጊዜ አየችኝና "ጋሼ፣ ይሄ በውሃ የሚታለፍ አይደለም፤ አለርጂ ነው፤ አሁኑኑ ሆስፒታል!" አለች። ለዓመታት ምንም ያልሆነ ሰው አንድ ቀን ድንገት እንዲህ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ በኋላ ሲያስረዱኝ ነው። እህቴ፣ በዚያች ደቂቃ ባትመጪ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው፤ ርዕሱም ምስጋና አይሆንም ነበር።

ባጃጁን ያቆመልን ልጅ ሰፈራችን ተራ የሚጠብቅ ነው። ንብ እየተከተለን ነው የገባነው። አንዷ አንገቱ ላይ ነደፈችው። መሪውን አልለቀቀም። ኮብልስቶኑን ቁልቁል ሲወርድ እኔ ባበጠ ምላሴ "በማርሽ ያዘው፣ ፍሬን ላይ አትቁም" እለው ነበር አሉ። አላስታውሰውም፣ ግን አልክድም። ሒሳብ ልከፍል ስፈልገው "ጋሼ፣ የመንጃ ትምህርቱን በነጻ ሰጥተውኝ የለ?" ብሎ እምቢ አለኝ። ተባረክ ልጄ።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበላችሁኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ውለታችሁን የምከፍልበት የለኝም። አድሬናሊን የሚባለውን መርፌ ጭኔ ላይ ሲወጉኝ ብዙም ሳይቆይ አየር ገባልኝ። ልቤ ግን ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እንደሚያጓራ ሞተር ሆነ። ሊመለስብህ ይችላል ብለው አሳደሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ እየመጣች ትንፋሼን የምታዳምጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ይህን ካነበብሽ፣ አልጋ ቁጥሩን አስታውሰሽ ራስሽን ታውቂያለሽ። ከሰፈር ደግሞ ጸበልም መጣ፣ ቴምርም መጣ፣ ዱአም ተደረገ። ሁሉንም ወስጃለሁ። የቱ አዳነኝ ብዬ ከማንም ጋር አልከራከርም።

እዚህ ድረስ ያለው ከማንም ደግ ጎረቤት የሚጠበቅ ነው ትሉ ይሆናል። ብዕር ያስነሣኝ ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁት ነው።

እኔ ሆስፒታል ስተኛ ንቡ ሰፈሩን ተቆጣጥሮት ነበር። ቡና የቀረበበት ቤት ረከቦቱ ተትቶ በር ተዘጋ። የጎረቤታችን የሐጂ በግ ታስሮ ስለነበር አንድ ጎረምሳ ሮጦ ገመዱን ባይቆርጥለት አልቆለት ነበር። ሰው ተናደደ፤ መናደድም ነበረበት። በዚህ መሃል አንድ አላፊ አግዳሚ "ቤንዚን አርከፍክፉበትና አቃጥሉት፣ ትገላገላላችሁ" ብሎ መከረ። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነበር። ሌላ ቦታ ሲደረግም በዓይኔ አይቻለሁ። ሐጂ ግን "ሰውዬው ሆስፒታል ተኝቶ ሀብቱን እናቃጥልና ሲመለስ ምን ልንለው ነው?" አሉ። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ንብ ሲጨልም እንደማይበር ስለሚታወቅ እስኪመሽ ተጠበቀ።

የማታውን እኔ አላየሁም፤ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። አልፎ አልፎ ንብ የሚያግዘኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። የፊት መሸፈኛዬን አደረገ፣ የሐጂን የዝናብ ልብስ ለበሰ፣ እጁ ላይ ካልሲ አጠለቀ። ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፈኑት፤ ንብ ቀይ ብርሃን አያይም። ይህን አንድ ቀን ቡና ላይ ነግሬው ነበር፤ አለመርሳቱ ገረመኝ። ኩበት አጨሱ። ጭስ ሲመጣ ንብ ቤቱ የተቃጠለ ስለሚመስለው ስንቁን ለመያዝ ማር መጉረስ ይጀምራል፤ ያንን የሙዝ ሽታም ጭሱ ይሸፍነዋል። ከዚያ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ንብ እንዳይጨፈልቅ እየተጠነቀቀ አቆማቸው። ሐጂ ባትሪውን ይዘው ቆመዋል። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚያ የደሴ ብርድ። ክዳኑ ተገጠመ፣ ድንጋይ ተጫነበት።

በማግስቱ ሐጂ ሆስፒታል ሊጠይቁኝ ሲመጡ አንድ ጆሯቸው ከሌላው እጥፍ ሆኗል። "ምን ሆኑ?" አልኳቸው። "ንቦችህ ሰላም በልልን ብለውህ ነው" አሉኝ። ለመሳቅ ጉሮሮዬ ገና አልፈቀደልኝም፤ እሳቸው ግን የኔንም ጨምረው ሳቁልኝ።

ይህን ሁሉ ያደረጋችሁት ንቦቼ ከዚህ በፊት ያደረሱባችሁን ችላችሁ ነው። እኔ አልረሳሁትም። ዝናብና ብርድ ቀናት ሲዘልቅ ንብ ከቀፎ አይወጣም፤ ቤቱን ስለማያቆሽሽም ሆዱን ይዞ ይቆያል። ፀሐይ ብቅ ባለች ቀን ወጥቶ እየበረረ ይጸዳዳል። ፀሐይ ብቅ ባለች ቀን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ልብስ ያጥባል። የላይኛዋ ጎረቤታችን አጥባ ያሰጣችው ነጭ ነጠላ ላይ ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ ዘነበበት። ሌላ ሰው ቢሆን ቀበሌ ይሄድ ነበር። እሷ ነጠላውን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ ንቦችዎ ለነጠላዬ ጥለት አበጁለት፤ የእጅ ስንት ነው?" አለችኝ።

የጀሪካኑ ነገር ደግሞ አለ። አንድ ክረምት ከገበያ ማር ገዛሁ። ሻጩ የበሰለ ነው ብሎ ምሎልኛል። እርጥብ ነበር። ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ ካለፈ መፍላቱ አይቀርም። ጀሪካኑ ማድ ቤት ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሙቀት አግኝቶ ውስጥ ውስጡን ፈላ። እኩለ ሌሊት ላይ ክዳኑን ጣሪያ ላይ ተኮሰው። ቆርቆሮው ድው! አለ። እኛ በ2014ቱ ጦርነት ያየነውን ያየን የደሴ ሰዎች ነን፤ ድው ያለ ነገር ሁሉ ከአልጋ ያስወርደናል። ልጅ ያቀፈ፣ መብራት ያጠፋ፣ ወለል ላይ የተኛ ነበር። ቤታችን የጠጅ ሽታ እስኪሸት ድረስ ማንም ነገሩ አልገባውም። ጠዋት በሐጂ በር ሳልፍ "ዘንድሮ ጥይቱም ይላሳል እንዴ?" አሉኝ። ነገሩ በሳቅ አለፈ። ያን ሌሊት ግን የስንቱ እጅ ሲንቀጠቀጥ እንዳደረ አውቃለሁ።

ስለ ባለቤቴ ድስት ብዙ አልናገርም። ሰፈፍ አቅልጬበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ሽሮ ሁሉ ጧፍ ጧፍ ይላል። የቅሬው ሰዎች ቤታችን ሲሰበሰቡ ከዚያው ሽሮ ቀረበላቸው። በልተው "እጅሽ ይባረክ" ብለዋት ሄዱ። ይሄም ምስጋና ይገባዋል።

ልጆቹም አሉ። ኳሷን ማን እንደመታት እስካሁን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የማውቀው ንቡ ሲነሣ በየበሩ እየሮጡ "በር ዝጉ፣ ሕፃን አስገቡ!" እያሉ የጮኹት እነሱ መሆናቸውን ነው። ከሆስፒታል በወጣሁ ቀን ተሰልፈው ሊጠይቁኝ መጡ። መሬት መሬት ያያሉ። ኳሷ ቀፎው ሥር ነበረች፤ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሲወጡ ግቢው በር ላይ ሳይደርሱ መለጋት ጀመሩ።

ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻህን ቀፎ አትክፈት ብሎኛል። ባለቤቴ ደግሞ ከነሰውም አትክፈት ብላለች። ስለዚህ ንቦቹ ቦሩ ሜዳ ዘመድ ዘንድ ሄደዋል። ለምን ያን ያህል ራቅ አደረግከው ላላችሁኝ፣ ንብ ቤቱን የሚያውቀው በቦታው ነው። እዚያው ሰፈር ወዲያ ጥግ ብታዛውረው ተመልሶ የድሮው ቦታ ላይ ይሰፍራል። ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ ግን ቦታውን እንደ አዲስ ይማራል። የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ሰው በሌሊት በአይሱዙ ጫነልኝ። አፉን በወንፊት ሽቦ ዘግተን፣ ፍሬሞቹ እንዳይንቀጠቀጡ ቀስ ብሎ ነዳ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ፤ የናፍጣውን ሒሳብ ግን ትቀበለኛለህ።

ማሩ የሚቆረጠው ኅዳር ላይ ነው። ዘንድሮ አንድ ኪሎም አይሸጥም። ከቅሬው ስብሰባ በኋላ እኛ ቤት ይከፋፈላል። ነርሷ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሐጂ፣ ተማሪው፣ ባለነጠላዋ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ፣ ሁላችሁም ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ጠርሙስም ይሁን ጣሳ ግድ የለም። ጀሪካን ግን ባለቤቴ ከበር ታስመልሳለች።