ከባዮሎጂ ክበብ፦ አንድ ፕሮቲን ይዘን የከረምንበት ዓመት

«ሌላው ክበብ ድራማ ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፤ እናንተ አንድ ፕሮቲን ይዛችሁ ዓመቱን ትጨርሳላችሁ?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። መልስ አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው የበሬ ዓይን በከፈትንበት ቀን ነው። ዓይኑን ያመጡልን አንድ ወላጅ ናቸው፤ እናመሰግናለን። ልጆቹ ኮርኒያውን፣ ማለት የዓይኑን የፊት ሽፋን፣ ቆርጠው ወደ መብራት ያዙት። ጥርት ያለ ነው፣ አንድም የደም ሥር የለበትም። ብርሃን የሚቀበለው የውስጥ ንጣፍ፣ ሬቲናው፣ በቀላሉ ተላቀቀና በዓይን ነርቩ በኩል ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከኋላው ያለው ጥቁር ንጣፍ ጓንታቸውን አጠቆረው። ይሄኔ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ደም ሥር የሌለበት ቦታ የለም ብለውን ነበር። እዚህ እንዳይገባ ማን ከለከለው?» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳስተምር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ አይመጣም።

ከሚከለክሉት አንዱ ፒኢዲኤፍ (PEDF) የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ዓመቱን ይዘነው የከረምነው እሱን ነው። መጀመሪያ የተገኘው ያንኑ ጓንት ያጠቆረውን ንጣፍ ከሚሠሩት ሕዋሳት፣ ከሰው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ከሕዋሳቱ የሚወጣው ነገር የሬቲና ካንሰር ሕዋሳትን የነርቭ ሕዋስ መልክ እንደሚያስይዛቸው አዩ። የነርቭ ሕዋሳትን ከሞት እንደሚጠብቅም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ሌላ ቡድን አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል እንደሚያግድ አሳየ። ልጆቹ «ዘበኛው» አሉት፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ዘበኛው ተቀናቃኝ አለው፤ የደም ሥር የሚያበቅለው ሌላ ፕሮቲን፣ ቪኢጂኤፍ (VEGF)። ኦክስጅን ሲያጥር ቪኢጂኤፍ ይጨምራል፣ ፒኢዲኤፍ ይቀንሳል። በስኳር ሕመም የተጎዳ ሬቲና ላይ ቶሎ የሚደሙ ደካማ የደም ሥሮች የሚበቅሉት ሚዛኑ እንዲህ ሲዛባ ነው። ዛሬ ዓይን ውስጥ የሚሰጡት መርፌዎች በአብዛኛው ቪኢጂኤፍን የሚያግዱ ናቸው። «ታዲያ ዘበኛውን ራሱን ለምን አይወጉም?» ያለም ልጅ ነበር። ተሞክሯል፣ ገና መድኃኒት አልሆነም።

የሳምንት ስብሰባችን ያው ስብሰባ ነው። ሊቀ መንበር ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ አረፋፋጅ ተወቀሰ።

ለኤግዚቢሽኑ ፕሮቲኑ የተሠራባቸውን 418 አሚኖ አሲዶች በዶቃ ሰክተን ነበር። ጠዋት ላይ ክሩ ተበጠሰ። ስንት ዶቃ ከወንበር ስር እንደቀረ እግዜር ይወቀው፤ ዳኞቹ ግን አልቆጠሩም።

ያለን ማይክሮስኮፕ አንድ ነው፤ እሱም አምፖሉ ተቃጥሏል። የሬቲናውን ስላይድ ያየነው በሞባይል መብራት ነው። የስፖርት ክበቡ ማልያ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አልቀናንም፣ ደስ ይላል። እኛ የምንጠይቀው አንድ አምፖል፣ ሁለት መቀስና አንድ ካርቶን ጓንት ነው። ማመልከቻው አስተዳደር ቢሮ ገብቷል። «እናያለን» ተብያለሁ። አምናም እንደዚያው ነበር የተባልኩት።