ቪዲዮውን አክስትሽም አይታዋለች

ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? ስለ ናኖ መድኃኒት የላክሽውን ቪዲዮ አክስትሽም አየችው። «ካንሰሩን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ካለ እኔ ለምን በዚህኛው እሰቃያለሁ?» ብላ ለጡት ካንሰሯ የምትወስደውን የሚቀጥለውን ኬሞ ልትተወው ነው። አልፈርድባትም፣ በጣም ደክሟታል። ያ የምትወደው የአሞራ ገደል ዓሣ አሁን ሽታው ራሱ ያጥወለውላታል።

ለሷ አስበሽ እንደላክሽው አውቃለሁ። ግን ቪዲዮው ያልነገራት ብዙ ነገር አለ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዶክሲል የሚባለው ናኖ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም ለጡት ሳይሆን ካፖሲ ሳርኮማ ለሚባል ካንሰር። ውስጡ ያለው ደግሞ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ አክስትሽ እዚህ ሐዋሳ የምትወስደው ያው ቀዩ መድኃኒት! ልዩነቱ መድኃኒቱን 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነች የስብ ከረጢት ውስጥ መክተታቸው ነው። የጸጉር ውፍረት እኮ ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። ዕጢ ውስጥ በጥድፊያ የበቀሉ የደም ሥሮች ግድግዳቸው ክፍተት ስላለው ከረጢቷ በዚያ ሾልካ ትገባለች፣ ጤናማ የደም ሥር ግን እንደዚያ በቀላሉ አያሳልፋትም። ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

«ካንሰሩን ብቻ» የሚለው ግን ልክ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ግምገማ የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ እንደዚያች ከረጢት ካለው የተወጋ ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያውም በእንስሳት ላይ። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል። ዶክሲልም የራሱ ጣጣ አለው፤ መዳፍና የእግር ውስጥ ቆዳን ያቆስላል።

የአክስትሽ ካንሰር ገና አልተሰራጨም። በዚህ ደረጃ በደንብ የተፈተነው ይሄው የምትወስደው ነው፣ መሀል ላይ ማቋረጥ ደግሞ ለበሽታው ጊዜ መስጠት ነው። ለልቧ ከፈራሽ፣ ከመጀመሯ በፊት በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) አይተውላታል።

እባክሽ እሑድ ማታ ደውዪላት። ማቅለሽለሹን ለሐኪሟ ትንገረው፣ የሚቀየርላት መድኃኒት አለ። እኔን ሰልችታኛለች፣ አንቺን ግን ትሰማሻለች። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

እናትሽ