የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ያለ ምስማር መግጠም

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ሦስት ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው፦ መስቀለኛ የድስት ማስቀመጫ፣ በርጩማና ክዳን የሌለው ሣጥን። ሁሉም በእጅ መጋዝና በመሮ ተቆርጠው ያለ ምስማር የተገጠሙ ናቸው። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ክፍተት ያየ ሰው ካለ ልክ ነው፣ አለ። በእንጨት ብናኝና በኮላ እንዳይደፈን የከለከልነው እኛው ነን፤ የተደፈነ ክፍተት ስህተቱ የት እንደተጀመረ አያሳይም።

በማስቀመጫው ላይ ሁለት እንጨቶች እስከ ውፍረታቸው ግማሽ ተቆርጠው አንዱ ሌላው ውስጥ ይቀመጣል። አብዛኛው ላላ። ጥፋቱ የመጋዙ ሳይሆን የእርሳሱ ነበር፦ የእርሳስ መስመር ወፍራም ስለሆነ መሃሉን ተከትሎ የቆረጠ ሁሉ በሁለቱም ወገን ትርፍ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ስፋቱን በማስመሪያ መለካት ትተን፣ ተጋጣሚውን እንጨት ራሱን አስቀምጠን በስለት ጫርን፤ መጋዙም የሚወገደው ክፍል ላይ ብቻ ሄደ።

ብዙ ያስተማረን በርጩማው ነው። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ ስምንት ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ አለው፤ ወንዴው የአግዳሚው ቀጭን ጫፍ፣ ሴቴው እሱ የሚገባበት የእግሩ ጉድጓድ ነው። የወንዴው ውፍረት የአግዳሚው ሲሶ ይሆናል፤ የእኛ አግዳሚ 24 ሚሊሜትር ስለነበር ባለ 8 ሚሊሜትር መሮ መረጥን። ጀማሪ ጉድጓዱን ከመስመሩ ላይ ይጀምራል፤ ይህ ትልቁ ስህተት ነው። የመሮው አፍ በአንድ ወገን ሰያፍ በመሆኑ በተመታ ቁጥር ወደ ኋላ እየገፋ መስመሩን ያልፋል። ከሁለቱም ጫፍ 2 ሚሊሜትር ያህል ትቶ መሃሉን መቦርቦር፣ የተተወውን በመጨረሻ ቀጥ አድርጎ መላጥ ይሻላል። ጥልቀቱም ከወንዴው ርዝመት በ2 ሚሊሜትር ይብለጥ፤ አለዚያ ኮላው መሄጃ አጥቶ ትከሻው (ወንዴው ሥር ያለው የአግዳሚው እርከን) አይዘጋም። እግሮቹን በላይኛው ጫፍ 20 ሚሊሜትር አስረዝሞ ከተገጠመ በኋላ መቁረጥ ጫፉን ከመሰንጠቅ ያድናል።

ወንዴው በእጅ ግፊት ገብቶ መጨረሻው ላይ ብቻ የእንጨት መዶሻ መፈለግ አለበት። ከጠበቀ የሚላጠው ወንዴው ነው፣ ጉድጓዱ አይነካም። ከላላ ቃጫው በተመሳሳይ አቅጣጫ የሚሄድ ስስ ልጥፍ በኮላ ይጨመርበትና እንደገና ይላጣል። ትከሻው በአንድ ወገን ብቻ ክፍት ከሆነ ስኳድራው (የቀጥታ ማዕዘን ማስመሪያው) ከተለያየ ፊት ላይ ተይዟል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ፊትና አንድ ጠርዝ ምልክት ይደረግባቸው። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያሉት ሰያፎች ይለኩ፤ ረጅሙ ሰያፍ በማጥበቂያ ይጨመቃል።

ለሣጥኑ የርግብ ጅራት መጋጠሚያ (ወደ ጫፉ የሚሰፉ ጥርሶች ያሉት) ዝንባሌው ለለስላሳ እንጨት 1 ለ 6 (በ6 ርዝመት 1 ወደ ጎን)፣ ለጠንካራ 1 ለ 8 ነው። ጅራቶቹ ቀድመው ተቆርጠው ተጋጣሚው በእነሱ ልክ ምልክት ይደረግበታል።

ይህ ሁሉ ግን በደነዘዘ መሮ አይሆንም። ስለቱን በ25 ዲግሪ ሞርደን ጫፉን በ30 እንስለዋለን። ፈተናው የለስላሳ እንጨት የተቆረጠ ጫፍ ነው፦ የተሳለ መሮ የሚያብለጨልጭ ፊት ይተዋል፣ የደነዘዘው ቃጫውን ጨፍልቆ ነጭና ሻካራ ያደርገዋል።

የተበላሹት መጋጠሚያዎች መሃል ለመሃል ተሰንጥቀው፣ ምክንያታቸው ተጽፎባቸው የክበቡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። አዲስ አባላት መጋዝ ከመያዛቸው በፊት እነሱን ይመረምራሉ።